በጃፓን ደጃፍ ጫማ ስለ ማውለቅ

ወደ ሩቅ አገር መሄድ ቀድሞ ለጥቂት መኳንንትና ለመንግሥት መልእክተኞች ብቻ የሚደርስ ዕድል ነበረ። ዛሬ ግን ከአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን ከቡኢ፣ ከቡታጅራና ከወልቂጤ የሚነሣ ወጣት ለትምህርት ወይም ለሥራ እስከ ሩቅ ምሥራቅ ድረስ ሊሄድ ይችላል። ወላጆቹም ሲሸኙት ሁለት ነገር ይመኙለታል። አንደኛው በጤና ሄዶ በጤና እንዲመለስ ነው፤ ሁለተኛው ሃይማኖቱንና ጨዋነቱን በሰው አገር ጥሎ እንዳይመጣ ነው። ስለ ሁለተኛው ምኞት አስቀድሞ ማሰብ የቤተ ሰብ ሥራ ስለ ሆነ፣ በዚህ ወር ዓምዳችን ክርስቲያን መንገደኛ የሌላውን ሕዝብ ባህል እንዴት ሊያይ እንደሚገባው ጥቂት ልንናገር ወደድን። ለምሳሌም የመረጥናት አገር ጃፓን ናት።

ጃፓንን የመረጥንበት ምክንያት አለን። በሃይማኖት ከእኛ የራቀች፣ በባህል ግን በብዙ ነገር እኛን የምታስታውስ አገር ስለ ሆነች፣ የመንገደኛው ልብ በዚያ በደንብ ይፈተናል። መንገደኛ በሰው አገር የሚሳሳትባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንዱ ያየውን ሁሉ ከራሱ አገር ስላልሆነ ብቻ መናቅ ነው። ሁለተኛው ያየውን ሁሉ የሠለጠነ አገር ነውና ብሎ ሳይመረምር መቅዳት ነው። የመጀመሪያው ትዕቢት ነው፤ ሁለተኛው ራስን መጣል ነው።

ከእነዚህ ከሁለቱ ርቆ የሄደ አንድ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ እናውቃለን። እርሳቸውም ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉት እኒህ ሊቅ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ፣ በ1924 ዓ.ም. በመርከብ ወደ ጃፓን ተልከው ከጥቅምት ወር ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ድረስ በዚያ ቈዩ። ሁለቱ መንግሥታት ባለፈው ዓመት የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርመው ነበረና መልእክታቸው ይህን ወዳጅነት ለማጽናት ነበረ። በ1923 ዓ.ም. ሐምሌ 9 ቀን የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችንም ከጃፓን ሕገ መንግሥት ብዙ የተወሰደበት መሆኑ የታወቀ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ከንጉሠ ነገሥቱ ከሂሮሂቶ ጋር ተገናኙ፤ ከተማዎቹን፣ ፋብሪካዎቹንና ትምህርት ቤቶቹን ተመለከቱ። ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ በዚያው በ1924 ዓ.ም. አሳተሙ። መጽሐፉ በኋላ ወደ ጃፓን ቋንቋ ተተርጕሟል። የቤተ ክርስቲያን ልጅ የሆኑ ሰው፣ ክርስቲያን ላልሆነ አገር «የብርሃን ማደሪያ» የሚል ስም ሲሰጡ ሃይማኖታቸውን አልጣሉም፤ በሌላው ዘንድ ያዩትን መልካም ነገር መልካም ብለው ለመጥራት ግን አልሠሰቱም። ከ20 ዓመት በላይ ቈይቶም ክቡር ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። እንግዲህ ወደ ጃፓን መመልከት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

አሁን አንድ የቡኢ ልጅ ጃፓን ደርሶ ወደ አንድ የቆየ ባህል ወዳለው ቤት በእንግድነት ቢጠራ ምን እንደሚያጋጥመው እናስብ። ደጃፉን እንዳለፈ ጌንካን የሚባል ዝቅ ያለ ወለል ያገኛል። በዚያ ጫማውን አውልቆ፣ የጫማውን አፍንጫ ወደ ውጭ መልሶ አስተካክሎ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ከፍታው ይወጣል። የላይኛው ወለል በሩዝ ገለባ ተጠቅጥቆ ፊቱ በቀጭን ሣር በተሸመነ ምንጣፍ የተሸፈነ ነው፤ ስሙም ታታሚ ይባላል። በዚህ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ፣ ይበላሉ፤ ሌሊትም ፍራሽ ዘርግተው ይተኙበታል። በጫማ መርገጥ ከባድ ነውር ነው።

ለእኛ ልጅ ይህ ሥርዓት እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። ሙሴ በኮሬብ ተራራ የቆመባት ምድር የተቀደሰች ስለ ሆነች ጫማውን እንዲያወልቅ ከታዘዘ ጀምሮ የተያዘውን ሥርዓት ቤተ ክርስቲያናችን እስከ ዛሬ ትጠብቀዋለች። በሶዶ ምድር ወደሚገኘው ወደ ምድረ ከብድ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም መጋቢት 5 ቀን ለክብረ በዓል የሚጓዝ ምእመን ከቤተ መቅደሱ ሲደርስ ጫማውን ሊያወልቅ ማንም አያስተምረውም። ልዩነቱ በምክንያቱ ላይ ነው። እኛ የምናወልቀው ስለ እግዚአብሔር ቅድስና ነው፤ ጃፓኖች በቤታቸው የሚያወልቁት የውጭው አቧራ ከውስጡ ንጽሕና እንዳይቀላቀል፣ የቤቱም ሰው እንዲከበር ነው። ከዚህም አንድ ጥያቄ ይዘን እንመለሳለን። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ክርስቲያን ቤቱን እንደ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ እንዲይዝ መክሮ ነበረ። የእኛ ቤት ደጃፍ ከውጭው ጠብና ሐሜት የሚለይ ምን ምልክት አለው? ጫማችንን ባናወልቅ እንኳ በገበያ የተነጋገርነውን ክፉ ቃል በደጃፉ ላይ ማውለቅ እንችላለን።

እንግዳው ከዚህ በኋላ ሻይ ይቀርብለት ይሆናል። በጃፓን ሻይ መጠጣት ለጥማት ብቻ አይደለም። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1522 እስከ 1591 የኖረው ሴን ኖ ሪኪዩ የሚባል የሻይ መምህር ሥርዓቱን እጅግ ቀላልና ትሑት አድርጎ አጽንቶታል። የሻዩ ቤት ትንሽ ነው፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራውም ብዙ ጊዜ ሣር ነው። በሩ ደግሞ ጐንበስ ብለው በጕልበት ካልተሳቡ በቀር የማያስገባ ጠባብ ነው። በዚያ ዘመን መስፍንም ቢሆን ሰይፉን በውጭ ሰቅሎ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ይገባ ነበረ። እንግዶቹ አስቀድመው እጃቸውንና አፋቸውን ይታጠባሉ። አስተናጋጁ ውሃውን በከሰል አፍልቶ፣ የተፈጨውን አረንጓዴ ሻይ በቀርከሃ መምቻ እየመታ በጽዋ ያቀርባል። ተቀባዩም እጅ ነሥቶ፣ የጽዋውን ፊት ጥቂት አዙሮ ይጠጣል። ወፍራም ሻይ በሚቀርብበት ጊዜ እንግዶቹ ሁሉ ከአንድ ጽዋ ይቀባበላሉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚቸኩል የለም።

ይህን ያየ የእኛ ሰው የእናቱን ቤት ማስታወሱ አይቀርም። በቡኢ ቄጠማ ተጐዝጕዞ፣ ቡናው በፊታችን ታጥቦ፣ ተቈልቶ፣ ጭሱም ለእንግዳው ቀርቦ፣ ከጀበና ወደ ሲኒ ሲቀዳ፣ አቦል፣ ቶናና በረካ ሲባል የሚፈጀው ጊዜ ከጃፓኑ ሻይ ጊዜ የማያንስ ነው። ጎረቤት የሚጠራራው፣ የተጣላ የሚታረቀው፣ የታመመ የሚጠየቀው በዚያ ነው። ነገር ግን ጃፓኖች ሻያቸውን በትምህርት ቤት ያስተምሩታል፤ ወጣቶችም ለብዙ ዓመት ይማሩታል። እኛ ግን ልጆቻችን ቡናውን የሥራ ፈት ሥራ አድርገው ሲቈጥሩት እናያለን። ልጃችን በኪዮቶ ከተማ የሻዩን ሥርዓት አድንቆ ፎቶግራፍ እያነሣ፣ ወደ ቡኢ ሲመለስ ግን የእናቱን ጀበና ቢሰለች፣ ያደነቀው ባህሉን ሳይሆን የአገሩን ርቀት ብቻ መሆኑ ነው።

ስለ ማዕድም ሁለት ነገር እንናገር። ጃፓኖች ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን ገጥመው የምስጋና ቃል ይናገራሉ፤ ሲጨርሱም እንደዚሁ ያመሰግናሉ። የሚያመሰግኑት ምግቡንና ለምግቡ የደከመውን ሁሉ ነው። እኛ ግን የምናመሰግነው ሁሉን የሚመግበው አባት አለን። ሆኖም በስንቱ ክርስቲያን ቤት ጸሎተ ማዕድ ተረስቶ በቴሌቪዥን ፊት በጥድፊያ እንደሚበላ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ራሱን ይጠይቅ። ሁለተኛው ነገር ጾም ነው። መንገደኛው በዐቢይ ጾም ጃፓን ቢገኝ የሚበላው ያጣ መስሎት ሊሰጋ ይችላል። ይሁን እንጂ የቡድሃ መነኮሳት ሥጋና ዓሣ የማይገባበት የራሳቸው የምግብ ሥርዓት አላቸው፤ አኩሪ አተርን ወደ እርጎ መሳይ ነጭ እርጥብ ምግብ ለውጠው ቶፉ ይሉታል፤ አትክልትና ከባሕር የሚገኝ ቅጠልም በብዛት ይበላሉ። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው በመረቁ ነው፤ ተራው የጃፓን መረቅ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ስለሚቀመም፣ ጾመኛ አስቀድሞ በትሕትና መጠየቅ ይገባዋል። የሚጾም እንግዳ ስለ ጾሙ በግልጽ ቢናገር የቤቱን ባለቤት አያስቀይምም፤ የሚያስቀይመው የቀረበለትን ሳይነካ ዝም ብሎ መተው ነው።

ከባህሎቻቸው ሁሉ ለጉራጌ ሰው ልብ በጣም የሚቀርበው ግን የነሐሴ ወር በዓላቸው ይመስለናል። በአብዛኛው የጃፓን አገር በፈረንጆች ኦገስት ወር አጋማሽ ኦቦን የሚባለው በዓል ሲደርስ፣ በከተማ የሚሠራ ሁሉ ወደ ተወለደበት መንደር ይመለሳል። ባቡሩና መንገዱ ይጨናነቃል፤ መቃብር ይጸዳል፤ መብራት ይበራል፤ ዘመድ ከዘመድ ይገናኛል። ይህን የሰማ የሶዶ ሰው መስቀልን ሳያስብ አይቀርም። ራሱን ክስታኔ፣ ማለት ክርስቲያን፣ ብሎ የሚጠራው የሶዶ ሕዝብ ልጆቹ በአዲስ አበባም በሌላም ከተማ ተበትነው ይነግዳሉ፤ መስከረም ሲጠባ ግን መንገዱን ሞልተው ወደ ቡኢና ወደየመንደራቸው ይወጣሉ። ደመራው ይደመራል፤ ክትፎው በኮባ ቅጠል ላይ ከቀንድ ማንኪያ ጋር ይቀርባል፤ ልጆች የአያቶቻቸውን ጕልበት ይስማሉ፤ የተቀያየመም ይታረቃል። ሁለቱም ሕዝቦች ሥራ ከቤተ ሰብ እንዳይለያቸው በየዓመቱ አንድ ቀን ለይተው ይጠብቃሉ።

ነገር ግን ክርስቲያን መንገደኛ የሚቆምበትን ቦታ ማወቅ ያለበት እዚህ ላይ ነው። በኦቦን የሚበራው መብራት የሞቱት አያቶች ነፍሳት ወደ ቤት ይመለሳሉ ተብሎ ስለሚታመን እነርሱን ለመቀበልና ለመሸኘት ነው፤ በቤት ባለው መሠዊያም ምግብ ይቀርብላቸዋል። እኛም ሙታንን አንረሳም፤ ፍትሐት እናስፈታለን፤ ተዝካር እናወጣለን፤ ድኻ እናበላለን። ሆኖም የምንለምነው ስለ እነርሱ እግዚአብሔርን ነው፤ ወደ እነርሱ መሥዋዕት አናቀርብም። ስለዚህ መንገደኛው በዓሉን ከቤተ ሰቡ ጋር ሊመለከት፣ የቤቱን አሮጊት እጅ ነሥቶ ሊሰናበት ይችላል፤ በመሠዊያው ፊት ዕጣን ማጠን ግን የእርሱ ሥራ አይደለም። እንደዚሁም በሺንቶ ቤተ ጣዖት ደጃፍ እጅን ታጥቦ ሁለት ጊዜ አጨብጭቦ መስገድ የአምልኮ ሥርዓት እንጂ የቱሪስት ጨዋታ አይደለም። ብዙ መንገደኞች ለቀልድ ያደርጉታል። ይህ ሁለት ጊዜ በደል ነው፤ የራስን ሃይማኖት ያቃልላል፤ የባለቤቶቹንም ሃይማኖት መጫወቻ ያደርጋል።

ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች በባቢሎን የከለዳውያንን ቋንቋና ጥበብ ተማሩ፤ ንጉሡንም በቅንነት አገለገሉ፤ ለምስሉ ግን አልሰገዱም። ሐዋርያው ጳውሎስም በአቴና የሕዝቡን መሠዊያዎች እየዞረ በጥንቃቄ ተመለከተ እንጂ አልሰደባቸውም፤ አይቶም ያወቀውን ለስብከቱ መነሻ አደረገው። መማርና ማክበር አንድ ነገር ነው፤ ማምለክ ሌላ ነገር ነው። ለሰው አንገትን ደፍቶ እጅ መንሣት በእኛም አገር የአክብሮት ሰላምታ ስለ ሆነ አያስነቅፍም።

ደግሞም ነገሩን በተገላቢጦሽ እንየው። ከቡኢ ብዙም ሳይርቅ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጢያ ትክል ድንጋይ አለ፤ ከመልካ ቁንጡሬ ወዲያም ከአንድ ዓለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም አለች። የሩቅ አገር ሰዎች እነዚህን ለማየት በዚሁ መንገድ ይመጣሉ። ከእነርሱ አንዱ በጫማው ወደ ቤተ መቅደስ ቢገባ፣ ወይም የቅዳሴውን ዜማ ለሳቅ ቢቀዳ እናዝናለን። ጫማውን አውልቆ በጸጥታ ከኋላ ቢቆም ግን ባያምንም እንኳ እንወደዋለን። እንግዲህ ልጃችን በጃፓን የሚያደርገው፣ እኛ በቡኢ ከእንግዳው የምንጠብቀውን ይሁን።

በጃፓን የእኛን እምነት የሚቀርብ ሕዝብም መንገደኛው ያገኛል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1861 ኒቆላዎስ የሚባል ወጣት የሩስያ መነኩሴ በሰሜን ጃፓን ወደምትገኘው ወደ ሃኮዳቴ ከተማ ደረሰ። ክርስትና በዚያ ጊዜ በጃፓን በሕግ የተከለከለ ነበረ። ኒቆላዎስ ለመስበክ አልቸኮለም፤ አስቀድሞ ብዙ ዓመት የሕዝቡን ቋንቋ፣ ታሪክና ሃይማኖት ተማረ። ሳዋቤ የሚባል የሺንቶ ካህንና ሰይፈኛ ሊገድለው መጥቶ፣ የምታስተምረውን ሳትሰማ እንዴት ትፈርድብኛለህ ባለው ጊዜ ቁጭ ብሎ ሰማ፤ በ1868ም ተጠመቀ። በቶኪዮ የተሠራው የትንሣኤ ካቴድራል በ1891 ተባርኮ፣ በ1923ቱ ታላቅ የምድር መናወጥ ፈርሶ፣ በ1929 ታድሶ እስከ ዛሬ ይገኛል። ከኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ ያለው ልዩነት ስላልተፈታ ቍርባን ባንካፈልም፣ የዚህ አባት ሥራ ትምህርት ይሆነናል። የሰውን ባህል በጥንቃቄ መማር እምነትን እንደማያዳክም እርሱ በሕይወቱ አሳይቷል።

የጃፓንን ባህል ስናደንቅ ግን ሚዛናችንን ልንጥል አይገባንም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ጃፓን የደረሱት የጃፓን ጦር የማንቹሪያን ምድር መውረር ከጀመረ ከአንድ ወር ጥቂት ካለፈ በኋላ ነበረ። ከአምስት ዓመት በኋላም፣ በ1929 ዓ.ም.፣ ያ በክብር የተቀበላቸው መንግሥት ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን መያዟን በይፋ ተቀበለ። ብላቴን ጌታ ኅሩይም አገራቸው ነጻ ስትወጣ ሳያዩ በ1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በስደት ዐረፉ። ይህን የምናነሣው ቂም ለማሳደር አይደለም፤ ሁለቱ አገሮች ከዚያ በኋላ ታርቀዋል፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1949 ዓ.ም. ጃፓንን ጐብኝተዋል፤ በ1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ሲያሸንፍም የጃፓን ሕዝብ በደስታ ተቀብሎታል። የምናነሣው አንድ ነገር እንድንረዳ ነው። በሻይ ቤት ደጃፍ ሰይፍን መስቀል ውብ ነው፤ ነገር ግን ፍትሕ ከሌለ ያ ሰይፍ ሲወጡ እንደ ገና ይታጠቃል። የባህል ውበት የልብን ንስሐ አይተካም። ይህም ለጃፓን ብቻ የተነገረ አይደለም፤ የእኛም ሰው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ጫማውን አውልቆ፣ ከወጣ በኋላ በወንድሙ ላይ የሚነሣበት ጊዜ አለና።

በመጨረሻ የኢሴን ነገር እናንሣ። ኢሴ የሺንቶ ታላቅ ቤተ አምልኮ ነው። ጃፓኖች ይህን የእንጨት ሕንጻ በ20 ዓመት አንድ ጊዜ በአጠገቡ እንደ ገና አዲስ አድርገው ይሠሩታል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2013 የተሠራው 62ኛው ነው። አምልኮው የእኛ አይደለም። ጥበቡ ግን ያስተምራል። በየ20 ዓመቱ ስለሚሠራ ሽማግሌው አናጢ ለወጣቱ ሳያስተምር አይሞትም። የእኛ ቤት እንዲህ የሚሠራበት ጊዜ መቼ ነው? አያት የምታውቀውን የጾም ወጥ፣ አባት የሚያውቀውን የዳዊት ንባብ፣ የመንደሩ ሽማግሌ የሚያውቀውን የዕርቅ ሥርዓት ለልጅ የሚያስተላልፍበት ቀን በየትኛው ቤት ተወስኗል?

ስለዚህ ልጃቸውን ወደ ሩቅ አገር ለሚሸኙ ወላጆች የምንመክረው አጭር ነው። ከመሄዱ በፊት ባህሉን አስተምሩት፤ የራሱን የማያውቅ ሰው የሌላውን ሊመዝን አይችልምና። ጾሙንና ጸሎቱን በምክንያት ያስረዱት፤ ትእዛዝ ብቻ የያዘ ልጅ ሲጠየቅ ያፍራል፤ ምክንያቱን ያወቀ ልጅ ግን በደስታ ይመልሳል። በሄደበት አገር ደጃፍ ሁሉ በትሕትና እንዲገባ፣ በአምልኮ ደጃፍ ግን እንዲቆም ንገሩት። ሲመለስም ከሻንጣው አስቀድሞ፣ በዚያ አገር ምን መልካም ነገር አየህ፣ ከእኛ ቤት የትኛውን እንድናሻሽል ትወዳለህ ብላችሁ ጠይቁት። በዚያ ዕለት ቡናው ሳይቸኩሉ ይፈላ፤ አቦሉም እስከ በረካው ይድረስ።

የመንገደኞች ጠባቂ የሆነ አምላክ የሄዱትን በሰላም ይመልስልን፤ የቀረነውንም በሃይማኖትና በምግባር ያጽናን። አሜን።